በእጅ ሪሞት የሚታዘዝ የቤት መብራት ለላስታ ደጋ ገበያ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከውጭ አገር ወደ ገበያችን ከሚገቡት የኤሌክትሪክ ሸቀጦች መካከል፣ ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሣ የሚያበራቸውና የሚያጠፋቸው፣ ብርሃናቸውም እንደ ፈቃዱ የሚደምቅና የሚደበዝዝ አምፖሎች ይገኛሉ። እነዚህ አምፖሎች የሚታዘዙት በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ በስልክ ላይ በሚጫን መተግበሪያና በኢንተርኔት፣ ሌሎቹ ደግሞ በእጅ በሚያዝ ሪሞት ይሠራሉ። አስመጪው የትኛውን ይዘዝ? ባለሱቁስ የትኛውን በመደርደሪያው ላይ ያኑር? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፣ የተሳሳተ ምርጫ በብዙ ድካም የተገኘውን የውጭ ምንዛሪ አቧራ ለሚጠጣ ዕቃ የሚያውል ስለሆነ፣ በዚህ ዕትማችን ጉዳዩን በዝርዝር ልናቀርበው ወደድን።

ለምሳሌነት የመረጥነው ሙጃን ነው። ሙጃ በሰሜን ወሎ የግዳን ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ወረዳው በምዕራብ ከላስታ በምሥራቅ ከቆቦ ጋር ይዋሰናል። ለአዲስ አበባ መደብር የተስማማ ዕቃ ሁሉ ለሙጃ ሱቅ ይስማማል ማለት አይደለም። በሙጃ ተፈትኖ ያለፈ ዕቃ ግን በሌላውም ከተማ ባለቤቱን አያሳፍርም።

ሪሞቱ በምን ይሠራል?

ገዢው ሪሞት ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ነጋዴው ግን ልዩነቱን ማወቅ ይገባዋል።

አንደኛው ዓይነት ዓይን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራው ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት የዚህ ወገን ነው። አዝራሩ ሲጫን በሪሞቱ አፍንጫ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም እያለች ትእዛዙን ታስተላልፋለች። ዋጋው ርካሽ፣ አሠራሩም ቀላል ነው። ነገር ግን ግድግዳ አያልፍም፤ ወደ አምፖሉ አቅጣጫ መጠቆም አለበት፤ ኃይለኛ የፀሐይ ብርሃን ባለበትም ሥራው ይደክማል። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት አምፖሎች ካሉ ሁሉም በአንድ ትእዛዝ ይበራሉ ወይም ይጠፋሉ፤ ለይቶ ማዘዝ አይቻልም።

ሁለተኛው ዓይነት በ433 ሜጋ ሄርዝ አካባቢ ባለ የሬዲዮ ሞገድ ይሠራል። ግድግዳን ያልፋል፤ ወደ መብራቱ መጠቆምም አያስፈልገውም። ርካሾቹ ዕቃዎች ግን መለያ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ከተገኘ የአንዱ ቤት ሪሞት የጎረቤቱን መብራት ሊያጠፋ ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት ዚግቢ ወይም ብሉቱዝ በሚባለው የሬዲዮ ሥርዓት በ2.4 ጊጋ ሄርዝ ይሠራል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ያቀረበው ሂው የተባለው አምፖል በዚግቢ ይሠራል። ብዙ ሰው ይህ ዓይነቱ አምፖል ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የሂው የእጅ ማደብዘዣም ሆነ የኢኬያ ኩባንያ ትሮድፍሪ ሪሞት በመካከል ሌላ መሣሪያ ሳይኖር እስከ 10 አምፖሎችን በቀጥታ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ዓይነት ዕቃ አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ በላስታ የተለመደው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳም ሆነ የቆርቆሮ ክዳን ሞገዱን ያደክማል። ከሳሎን ወደ ጓዳ መድረሱን ሻጩ አስቀድሞ ቃል መግባት የለበትም።

አራተኛው በዋይፋይና በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚሠራው ነው። ይህንኑ ከዚህ በታች ለብቻው እንመለከተዋለን።

ሪሞት አዲስ ነገር አይደለም

በአሜሪካ አገር ዜኒት የተባለው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 በሽቦ የተያያዘ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ አወጣ፤ ሰዎች ግን በሽቦው ተደናቀፉ። በ1955 በብርሃን የሚታዘዝ ቴሌቪዥን ሲያወጣ ደግሞ፣ በመስኮት የገባ የፀሐይ ጮራ ጣቢያውን ይለውጠው ጀመር። በ1956 ሮበርት አድለር በተባለው መሐንዲስ የተሠራው ሪሞት ግን አራት የአሉሚኒየም ዘንጎችን በትናንሽ መዶሻዎች እየመታ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ የሚያወጣ ነበርና ባትሪ ድንጋይ እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ይህ የድምፅ አሠራር ለሃያ አምስት ዓመት ያህል በገበያ ላይ ቆየ። ከዚህ ታሪክ ነጋዴ የሚማረው፣ በገበያ የሚሰነብተው እጅግ የረቀቀው ሳይሆን በገዢው ቤት ውስጥ ያለ ችግር የሚሠራው ዕቃ መሆኑን ነው።

የኢንተርኔት ነገር

በስልክ መተግበሪያ የሚታዘዘው አምፖል በብዙ አሠራር ትእዛዙን በባሕር ማዶ ወዳለ የኩባንያው ኮምፒዩተር ልኮ መልሶ ይቀበላል። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ መብራት ለማጥፋት የስልኩ መስመር፣ የኢንተርኔቱ አገልግሎትና የኩባንያው ኮምፒዩተር ሦስቱም በአንድነት ሊሠሩ ይገባል ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል አምፖሉ ተራ አምፖል ሆኖ ይቀራል።

ይህ በግምት የሚነገር አይደለም። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. እና በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ከዚያም አስቀድሞ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ላሊበላና አካባቢዋ ኤሌክትሪክም ስልክም አጥተው ወራትን አሳልፈዋል። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት ፈላጊ ዕቃ በሱቁ የነበረው ነጋዴ ለገዢው ምን ብሎ ሊያስረዳ ይችል ነበር?

በበለጸጉት አገሮችም ቢሆን ሁኔታው ከዚህ አልተለየም። ሪቮልቭ የተባለው የቤት ዕቃዎች መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያውን የገዛው ወገን አገልግሎቱን ስለ ዘጋው የማይጠቅም ሣጥን ሆነ። ኢንስቲዮን የተባለውም ኩባንያ በ2022 ሚያዝያ ወር ኮምፒዩተሮቹን ያለ ማስጠንቀቂያ ዘጋ፤ ምንም እንኳ ከጥቂት ወራት በኋላ በሌሎች ባለቤቶች እጅ እንደገና ቢከፈትም፣ በዚያ መካከል የደንበኞቹ የስልክ መተግበሪያ አልሠራም። ይሁን እንጂ የዚያው ኩባንያ የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያዎችና የእጅ ሪሞቶች መብራቱን እንደ ቀድሞው ያዝዙ ነበር። የሪሞትን ጥቅም ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምስክር አይገኝም።

በመሆኑም ለደጋው ገበያ የምንመክረው ሪሞቱ ከአምፖሉ ጋር በቀጥታ የሚነጋገርበትን ዕቃ ነው። ስልክ ተጨማሪ ሆኖ ቢመጣ መልካም፤ የግድ ሆኖ ከመጣ ግን ይቅር።

በሣጥኑ ላይ የማይጻፉ ሦስት ነገሮች

አንደኛ፤ ሪሞት ያለው አምፖል ትእዛዝ የሚቀበለው የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ በርቶ ሲቆይ ብቻ ነው። ከቤተ ሰቡ አንዱ እንደ ልማዱ በግድግዳው ካጠፋው ሪሞቱ አይሠራም፤ ገዢውም ዕቃው ተበላሸ ብሎ ወደ ሱቅ ይመለሳል። ይህን በሽያጩ ሰዓት በሁለት ቃል ማስረዳት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሁለተኛ፤ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ ከእነዚህ አምፖሎች ብዙዎቹ በሙሉ ድምቀታቸው ይበራሉ። መብራት በሌሊት በሚመለስበት ቤት፣ ሕፃኑና ሽማግሌው በእኩለ ሌሊት ይቀሰቀሳሉ ማለት ነው። የቀድሞ ሁኔታውን አስታውሶ የጠፋው እንደ ጠፋ የሚቆይ ዓይነት አምፖል ስላለ፣ አስመጪው ይህንኑ መርጦ ይዘዝ።

ሦስተኛ፤ አምፖሉ ጠፍቶም ትእዛዝ ይጠብቃልና ጥቂት ኃይል ይወስዳል። ግማሽ ዋት ይወስዳል ብንል፣ በዓመት 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ባለ 9 ዋት አምፖል በየቀኑ 4 ሰዓት ቢበራ በዓመት የሚፈጀው 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። እንግዲህ በመጠበቅ ብቻ የሚባክነው በማብራት ከሚፈጀው ሢሶ ይሆናል። በፀሐይ ኃይል ለሚጠቀም ቤት ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ትንሽ ባትሪ የሚይዘው 84 ዋት ሰዓት ነው። አንዱ አምፖል ጠፍቶ ሲጠብቅ በቀን 12 ዋት ሰዓት ከወሰደ የባትሪውን አንድ ሰባተኛ ያለ ሥራ በላው ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀን ቀን በግድግዳው ማጥፋት ነው።

ለማን ይሸጣል?

መብራቱ ባለ ሪሞት መሆኑ ለሁሉ የሚያስፈልግ አይደለም። ማብሪያው ከአልጋው አጠገብ ለሆነ ባለ አንድ ክፍል ቤት ተራው ኤልኢዲ አምፖል በቂ ነው፤ ሐቀኛ ባለሱቅም ይህንኑ ይነግረዋል። ሪሞት በእውነት የሚጠቅመው ማብሪያው ከበሩ አጠገብ፣ አልጋው ከማዶ ለሆነበት ቤት፣ በጨለማ መነሣት ለሚከብዳቸው አረጋውያንና ሕመምተኞች፣ ጣሪያው ከፍ ላለ አዳራሽ፣ እንዲሁም ለእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ነው። በላሊበላ በየዓመቱ ለልደት በዓል ምእመናን ከየአገሩ ስለሚጎርፉና የማረፊያ ክፍሎች ስለሚፈለጉ፣ የማረፊያ ቤት ባለቤት ከዚህ ሸቀጥ ገዢዎች አንዱ ሊሆን ይችላል። እርሱም ቢሆን ሪሞቱ በእንግዳው ሻንጣ ገብቶ እንዳይሄድ በግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት ማኖሪያ ያለውን ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል።

ፀሐይ ተቀባዩ፣ ባትሪው፣ አምፖሎቹና ሪሞቱ በአንድ ሣጥን የሚሸጡበት ዕቃም አለ። የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰበት ገጠር የሚስማማው ይህ ነው። በዓለም ባንክ ቡድን ላይቲንግ ግሎባል በሚባለው ፕሮግራም የተጀመረውና ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቬራሶል በሚል ስም የሚሠራው የጥራት ማረጋገጫ የተፈተኑ ዕቃዎችን ዝርዝር ስለሚያወጣ፣ አስመጪው ከማዘዙ በፊት ያን ዝርዝር ይመልከት።

ለአስመጪዎች

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ከማዘዝ በፊት የሚከተሉት ይጣሩ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ስለሆነ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የ120 ቮልት አምፖል እዚህ ሲገናኝ ሊቃጠል ይችላል። የሬዲዮ ሞገዱም እንዲሁ ነው፤ ለዚያ አገር የሚሠሩት ሪሞቶች ብዙዎቹ በ315 ሜጋ ሄርዝ ይሠራሉ። የአምፖሉ አንገት ባለ ጥርስ ወይም ባለ መንጠቆ መሆኑ ከፖርታ ላምፓዳው ጋር ይመሳከር።

በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የዕቃዎች መለያ መሠረት ኤልኢዲ አምፖል በ8539.52፣ የተሟላ የመብራት ዕቃ በ9405፣ ለብቻው የመጣ የሬዲዮ ሪሞት ደግሞ በ8526.92 ይመደባል። አምፖሉና ሪሞቱ ለችርቻሮ በአንድ ሣጥን ከታሸጉ፣ ምድቡ የሚወሰነው ለዕቃው ዋና ጠባዩን በሚሰጠው ክፍል ነው። ሬዲዮ የሚጠቀሙ ዕቃዎችን በሚመለከት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ስለሚሰጥ፣ ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይገባል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በጉምሩክ መጋዘን የሚቆም ዕቃ የሚያስከትለው ኪሣራ ቀላል አይደለም።

ለባለሱቆች

ዕቃው ከመሸጡ በፊት ሪሞቱና አምፖሉ በገዢው ፊት ተገናኝተው ይፈተኑ። የኢንፍራሬድ ሪሞት መሥራቱን ለማወቅ አፍንጫውን ወደ ስልክ ካሜራ አዙሮ አዝራሩን መጫን ነው፤ በስልኩ መስታወት ላይ ብልጭታ ከታየ ሪሞቱ ደኅና ነው። አንዳንዱ ስልክ በኋላ ካሜራው ስለማያሳይ በፊተኛው ይሞከር። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሪሞቱ ሳይሆን ባትሪ ድንጋዩ ነውና ትርፍ ባትሪ ድንጋይ ሁልጊዜ በሱቁ ይኑር። በየሱቁ የሚገኘውን ቀጭን ባትሪ ድንጋይ የሚጠቀም ሪሞት፣ ክብ እንደ ሳንቲም ያለውን ከሚጠቀመው ይመረጣል።

ስለዚህ ክብ ባትሪ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሕፃን ቢውጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥልና ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በአሜሪካ አገር በ2022 እ.ኤ.አ. ሪስ በምትባል በዚህ አደጋ በሞተች ሕፃን ስም የወጣው ሕግ የባትሪው ክዳን ሕፃን ሊከፍተው በማይችል መንገድ እንዲዘጋ ያስገድዳል። ክዳኑ በብሎን የማይታሰር ሪሞት በሱቃችሁ አይግባ፤ ያረጀውንም ባትሪ ገዢው ሕፃናት ከማይደርሱበት እንዲያኖር ንገሩት። አንድ ልጅ ከውጠው ጊዜ ሳይባክን ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

5,150 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መስመሩ ወደ ደጋው እየሰፋ በሄደ መጠን በኩራዝና በሻማ የኖረው ቤት አምፖል ገዢ ይሆናል። ያ አዲስ ገዢ የመጀመሪያ ዕቃውን የሚገዛው ከጎረቤት ባለሱቅ በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ዕቃ ከተታለለ ሁለተኛውን ለመሸጥ አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም ቀላሉን፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን፣ ባትሪ ድንጋዩ በአገር ውስጥ የሚገኘውንና ሻጩ ራሱ ሊያስረዳው የሚችለውን ሪሞት መምረጥ ለገዢም ለነጋዴም የሚበጅ ነው እንላለን።