በመስቀል ሰሞን የቆየ ወዳጅን የመጠየቅ ባህልና የከተማ ኑሮ

አዲስ አበባ፦ የመስከረም ወር ሲጋመስ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚወስዱ መንገዶች ለመስቀል በዓል ወደ ትውልድ ቀያቸው በሚጓዙ የጉራጌ ተወላጆች ይጨናነቃሉ። ከመዲናዋ በስተደቡብ በሚገኘው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማም በጀሞ፣ በለቡ፣ በጎፋና በሳሪስ አካባቢዎች የሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች በእነዚሁ ቀናት ጓዛቸውን ሸክፈው ይነሣሉ።

ይሁንና የጉዞው ዕድል ለሁሉም አይደርስም። በዕድሜ መግፋት፣ በሕመም፣ በሥራ ጫና ወይም በገንዘብ እጥረት ሳቢያ በከተማ የሚቀረው ወገን ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ለዚህ ወገን የበዓሉ ድምቀት የሚለካው በአብዛኛው የአብሮ አደግ ወዳጅ፣ የቀድሞ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ቤቱ መጥቶ ሲጠይቀው ነው።

በጉራጌ ዘንድ መስቀል የአንድ ቀን በዓል አይደለም። በመንግሥት ሥራ ቀን መቁጠሪያ መስከረም 17 ብቻ ዝግ ሆኖ ቢውልም፣ በሰባት ቤት ጉራጌ አካባቢ ዝግጅቱና አከባበሩ ቀናትን ይወስዳል። መስከረም 14 ሕፃናት ችቦ የሚያበሩበት "ደንጌሳት"፣ መስከረም 15 ደግሞ እርድ የሚፈጸምበት "ወኸመያ" በመባል ይታወቃሉ። ለእርዱ የሚሆነውን ሰንጋ ለመግዛት አባወራዎች ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ፤ እናቶችም ቅቤውን ከወራት በፊት ጀምረው ያጠራቅማሉ። ከእንሰት የሚዘጋጀው ቆጮም በጉድጓድ ውስጥ ለወራት ሲብላላ ቆይቶ ለበዓሉ ይደርሳል።

ከዋናው በዓል በኋላ ያሉት ቀናት የመጠያየቂያ ናቸው። "ጀወጀ" በሚባለው በዚህ ወቅት ያገቡ ሴቶች ባለቤቶቻቸውንና ልጆቻቸውን አስከትለው ወላጆቻቸውን ይጎበኛሉ፤ ዘመድ ከዘመድ፣ ወዳጅ ከወዳጅ ይጠያየቃል። ከበዓሉ አስቀድሞም የአገር ሽማግሌዎች የተጣሉትን ማስታረቅ የተለመደ ነው፤ ቂም ይዞ መስቀልን ማክበር እንደ ነውር ይቆጠራልና። በመሆኑም በዚህ ሰሞን የቆየ ወዳጅን ደጅ መርገጥ ከመልካም አደረሰህ ያለፈ ትርጉም አለው። ተኳርፈው የቆዩ ሰዎች ማን ቀድሞ ይምጣ ሳይባባሉ የሚገናኙበት አጋጣሚ ነው።

ይኸው ልማድ ከተወላጆቹ ጋር ወደ አዲስ አበባ የገባው ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ነው። ለንግድና ለሥራ ወደ መዲናዋ የመጡ የጉራጌ ተወላጆች በእድርና በእቁብ ተደራጅተው ሲረዳዱ ኖረዋል። በ1950ዎቹም ገንዘብ አዋጥተው የትውልድ አካባቢያቸውን ከዋና ዋና መንገዶች ጋር የሚያገናኙ መንገዶችን ለማሠራት ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። ዛሬ የመስቀል ተጓዥ በአንድ ቀን ደርሶ ቤተሰቡን የሚያገኘው የዚህ ዓይነቱ ጥረት መሠረት ስለጣለለት ጭምር ነው። ከአገር ቤት የሚመለሰው መንገደኛም ለቀሩት ወዳጆቹ ቆጮና ቅቤ፣ ከዚያም በላይ የወላጅ ምርቃትና የመንደሩን ወሬ ይዞላቸው ይመጣል። መሄድ ያልቻለው አዛውንት ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ዳረ፣ የማን ማሳ እንዳማረ የሚሰማው በዚህ ጉብኝት ነው።

ቀደም ሲል ይህን ጥየቃ የሚያቀልለው የሰፈር ኑሮ ነበር። አብሮ አደጎች በአንድ ቀበሌ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ግቢ ይኖሩ ስለነበር በሩ ተዘግቶ የዋለ ሰው ሳይጠየቅ አይመሽም ነበር። ሆኖም በ1990ዎቹ አጋማሽ ማብቂያ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ለብዙዎች የቤት ባለቤትነትን ሲያጎናጽፍ፣ ቤቱ የሚተላለፈው በዕጣ በመሆኑ የቀድሞ ጎረቤቶችን በተለያዩ ሳይቶች በትኗቸዋል። በአንድ ሰፈር ለ30 ዓመታት ቡና ሲጠራሩ ከኖሩት አንዷ ጀሞ፣ ሌላዋ የካ አባዶ ሊደርሳቸው ይችላል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በተከናወነው የኮሪደር ልማት ሳቢያ ከመሀል ከተማ የተነሡ ነዋሪዎችም ተመሳሳይ ለውጥ አጋጥሟቸዋል። እድሩ በስም ቢቀጥልም አባላቱን ለማዳረስ ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ ግድ ሆኗል።

"ንፋስ ስልክ" የሚለው የአካባቢው ስያሜ ያለ ሽቦ፣ በአየር መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የሬዲዮ ጣቢያ የመጣ ነው። ዛሬ ያ አገልግሎት በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ይገኛል። የእጅ ስልክ ሰላምታን አቅልሏል፤ ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት መድኃኒታቸውን በአግባቡ መውሰዳቸውን፣ ምግብ መቅመሳቸውንና ደረጃ መውረድ መቻላቸውን በስልክ ድምፅ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ችግር ገጥሟቸው "ደህና ነኝ" የሚሉ አረጋውያን ጥቂት አይደሉም። ቤታቸው ገብቶ የተቀመጠ ወዳጅ ግን ሳይነገረው ይረዳል።

ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር መስከረም የመጀመሪያው ሩብ ዓመት መዝጊያና የሪፖርት ማጠናቀሪያ ወር ነው። ትምህርት የሚጀመረውም በዚሁ ወር ነው። ስለዚህ የመስቀል ሰሞን የዓመት ፈቃድ ጥያቄ ከሥራ መደራረብ ጋር መጋጨቱ አይቀርም። የፈቃድ ፕሮግራም ቀደም ብሎ በሚወጣበትና ሠራተኞች ተራ በሚደራረሱበት ክፍል ግን ሥራው ሳይበደል ሠራተኛው ወላጆቹን ጠይቆ ሊመለስ ይችላል። መስቀልን የማያከብረው ባልደረባ በዚህ ወቅት የሚሸፍነው ሥራ፣ በአረፋ ጊዜ ወደ ስልጤና ወደ ጉራጌ ለሚጓዘው ሙስሊም ሠራተኛ በሌላው በኩል የሚመለስ ውለታ ነው።

በጋራ መኖሪያ ሳይቶች የተሠሩት የጋራ መገልገያ ሕንፃዎችም በመጀመሪያው ዕቅድ ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለመሰል ማኅበራዊ አገልግሎቶች የታሰቡ ናቸው። እነዚህ ሕንፃዎች ለታለመላቸው ዓላማ ክፍት ሆነው ሲቆዩ፣ በጠባብ ስቱዲዮ ቤት እንግዳ መቀበል የሚያሳፍረው ነዋሪ ወዳጆቹን በአንድነት ማስተናገድ ይችላል። የወረዳ አስተዳደሮችና የነዋሪ ማኅበራት ስለ ሕንፃዎቹ አጠቃቀም ሲወስኑ ይህን ማኅበራዊ ጥቅም ከግምት ማስገባት ይገባቸዋል።

የመስቀል በዓል አከባበር በኅዳር 2006 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ተመዝግቧል። ደመራው በአደባባይ ስለሚለኮስ በሁሉም ዘንድ ይታያል፤ ወዳጅን የመጠየቅ ልማድ ግን ከቤት ወደ ቤት የሚፈጸም በመሆኑ ቢቀርም ወዲያው የሚያስተውለው የለም። ጉድለቱ ቀድሞ የሚሰማው በሩን እያየ ለሚጠብቀው ሰው ነው። በመሆኑም ዘንድሮ ወደ አገር ቤት ያልሄደ ሁሉ፣ በከተማው ውስጥ ማን ሳይጠየቅ እንደቀረ ማሰብና ከበዓሉ ቀናት አንዱን ለዚያ ሰው መመደብ ይጠበቅበታል።