«ማዛወር»፣ «መቅዳት» እና «ማላቅ»፦ ስለ ኢሜይል ፕሮግራም ቃላት አጭር ማብራሪያ

የኢሜይልን ፕሮግራም ከአሮጌ ኮምፒዩተር ወደ አዲስ ስለ መውሰድ የተጻፈን መመሪያ የሚተረጉም ሰው ሦስት ግሦች ያስቸግሩታል።

«ማዛወር»ን ከገበሬው አፍ እንውሰደው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ የበርበሬ ችግኝ በመደብ ላይ ፈልቶ ወደ ማሳ ይዛወራል፤ መደቡም ባዶ ይቀራል። ነገሩ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይበዛም። «መቅዳት» ግን ሁለት ፊት አለው፤ ጠላ ሲቀዳ ጋኑ ይጎድላል፣ ጽሑፍ ሲቀዳ ዋናው አይነካም። ለእኛ ጉዳይ የሚስማማው ሁለተኛው ነው።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። ተንደርበርድ የተባለው ፕሮግራም መልእክቶችንና ቅንብሮችን የሚያኖረው ፕሮፋይል በሚባል አቃፊ ነው። በፖፕ ሥርዓት ወርደው ከሰርቨሩ የተሰረዙ መልእክቶች ከዚያ በቀር ሌላ ማደሪያ የላቸውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ተዘግቶ አቃፊው ይቀዳል፤ «ያዛውሩ» ብሎ የተረጎመ ሰው የአንባቢውን የዓመታት ደብዳቤ ለአደጋ አጋልጧል።

ወደ አዲስ እትም ማሳደግንስ ምን እንበለው? አንዳንዶች «ማላቅ» ይላሉ። ከ«ላቀ» የወጣ ነውና ሥሩ አያስነቅፍም። ሲረባ ግን «ያልቃል» ይሆናል፤ ይህም በጽሕፈት ከ«አለቀ» ከሚገኘው «ያልቃል» አይለይም። «ይህ ትእዛዝ ፕሮግራሙን ያልቃል» የሚለውን ያነበበ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም! እኛ «ማሻሻል»ን እንመርጣለን፤ «የተሻሻለ ዘር» የሚለውን የምዕራብ ጎጃም የበቆሎ ገበሬ ሳይቀር ያውቀዋልና።

በአዲሱ እትም የተከፈተን ፕሮፋይል አሮጌው እትም ላይቀበለው ይችላል። ስለዚህ «ከማሻሻልዎ በፊት ይቅዱ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በትርጉሙ ውስጥ ከማሻሻያው ትእዛዝ በላይ ይጻፍ።