ሕዝብ አልባዋ የምርጫ ወረዳ፦ የኦልድ ሳረም ታሪክና የመደብ ትርጉሙ

የከበርቴው ሥርዓት የታሪክ ጸሐፊዎች የእንግሊዝን ፓርላማ የፓርላማዎች ሁሉ እናት እያሉ ሲያሞግሱት ኖረዋል። በእነርሱ አተራረክ ዴሞክራሲ ከመሳፍንት ቸርነትና ከሕግ አዋቂዎች ብልኅነት ቀስ በቀስ የፈለቀ፣ ደም ያልፈሰሰበትና ትግል ያልተካሄደበት ስጦታ ነው። ይህ አባባል ከእውነት ምን ያህል የራቀ መሆኑን ለመረዳት ኦልድ ሳረም የተባለችውን የአንዲት የምርጫ ወረዳ ታሪክ መመርመር ይበቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ ፈለሰች፣ ወንበሩ ቀረ

ኦልድ ሳረም፣ ማለትም አሮጌዋ ሳረም፣ በደቡብ እንግሊዝ በዊልትሺር ክፍለ ሀገር ከሶልዝበሪ ከተማ በስተሰሜን 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ኮረብታ ናት። እንግሊዝን በጦር ኃይል የያዘው የኖርማኑ ንጉሥ ዊልያም በኮረብታዋ ላይ ምሽግ አሠራ። በ1086 የአገሪቱ ባለርስቶች በዚሁ ሥፍራ ተሰብስበው ለንጉሡ የታማኝነት መሐላ ፈጸሙ። ካቴድራልም ተሠራባት፣ ነዋሪም ሰፈረባት።

ይሁን እንጂ ኮረብታዋ ውኃ ያጠራትና ነፋስ የበዛባት ነበረች። ካህናቱና የምሽጉ ወታደሮችም ሊስማሙ አልቻሉም። በመሆኑም በ1220 አዲስ ካቴድራል ከኮረብታው በታች በወንዙ ዳር ተመሠረተ። ነዋሪውም ቤቱን እየለቀቀ ወደ አዲሲቱ ከተማ ወደ ሶልዝበሪ ወረደ። የአሮጌዋ ከተማ ድንጋይ ሳይቀር እየተነቀለ ለሌላ ግንባታ ዋለ፤ ሥፍራውም የበግ መሰማሪያ ሆነ።

ሰውና ድንጋይ ሲሄድ ያልሄደ አንድ ነገር ቢኖር የፓርላማ ወንበር ነው። ኦልድ ሳረም በ1295 ተወካዮችን ወደ ፓርላማ ልካ ነበር። ከ14ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮም እስከ 1832 ድረስ ይህ ባዶ ኮረብታ ሁለት የምክር ቤት አባላትን ሲልክ ኖረ።

እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ በንብረት ሥርዓቱ ውስጥ ይገኛል። የመምረጥ መብት የተሰጠው ለሰው ሳይሆን ለመሬት ነበር። ድምፅ ከተወሰኑ ቁራሽ መሬቶች ጋር ተያይዞ የሚሸጥና የሚወረስ ዕቃ ነበር። የመሬቶቹ ጌታ ምርጫ ሲደርስ ለሚያምናቸው ጥቂት ሰዎች ቦታዎቹን በስማቸው ያዛውርላቸዋል። እነርሱም ሜዳው ላይ ከአንድ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ጌታው ያጫቸውን ሁለት ሰዎች «ይመርጣሉ»፤ ከዚያም መሬቱን ይመልሳሉ። በ1831 የወረዳዋ መራጮች 11 ብቻ ሲሆኑ ከእነርሱም አንዱ እንኳ በዚያ አይኖርም ነበር።

የቅኝ ግዛት ዝርፊያና የፓርላማ ወንበር

አሮጌዋ ሳረም የፊውዳሉ ሥርዓት ቅሪት ብቻ እንደነበረች አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ወንበሩን ጠብቆ ያቆየው ከቅኝ ግዛት የተጋዘው አዲስ ሀብት ጭምር ነበር። በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወረዳዋን የገዛት ቶማስ ፒት በህንድ ንግድ የከበረ ሰው ነበር። በኋላም የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የማድራስ ገዥ ሆነ። በዚያም አንድ ታላቅ አልማዝ በእጁ ካስገባ በኋላ በ1717 ለፈረንሳይ ንጉሣዊ መንግሥት እንደራሴ በ135 ሺህ ፓውንድ ገደማ ሸጠው። ከምድር ቆፍሮ ያወጣው የህንድ ላብ አደር ስም ግን በታሪካቸው ውስጥ ቦታ አላገኘም።

የዚህ ሰው የልጅ ልጅ ዊልያም ፒት በ1735 በ26 ዓመት ዕድሜው ፓርላማ የገባው በዚህችው የቤተሰብ ወንበር ነበር። በኋላም የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቃ። የሚያስገርመው ይኸው ሰው በ1766 የእነዚህን መንደሮች ውክልና የሕገ መንግሥቱ የበሰበሰ አካል ነው ሲል መናገሩ ነው።

በ1801 ደግሞ የወረዳዋ ባለቤት ሎርድ ካምልፈርድ፣ ጆን ሆርን ቱክ የተባለውን የለውጥ አራማጅ ለወንበሩ አጨው። ቱክ በ1794 በአገር ክህደት ተከሶ በነፃ የተለቀቀ ሰው ነበር። ገዢው መደብ ወዲያውኑ ቀሳውስት በምክር ቤቱ እንዳይቀመጡ የሚያግድ ሕግ አወጣ፤ ቱክ ቀደም ሲል ክህነት ተቀብሎ ነበርና። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የሕዝብ ወገን የሆነ ሰው እንኳ በመስፍን ፈቃድ ወንበር ላይ ቢወጣ ከበስተኋላው የሚያስከብረው የተደራጀ ኃይል አይኖረውም።

በ1802 ወረዳዋ ለካሌዶን መሳፍንት በ60 ሺህ ፓውንድ ተሸጠች። የመሬቱ ዓመታዊ ገቢ ግን ቢበዛ ከ700 ፓውንድ አይበልጥም ነበር። እንግዲህ ገዢው የገዛው ሣሩን ሳይሆን በሕግ አውጪው አካል ውስጥ ሁለት ድምፅ መሆኑ ግልጽ ነው። የካሌዶን ቤተሰብም ሀብቱን ያካበተው በህንድ ነበር።

ማንቸስተር ያለ ወኪል

በዚሁ ዘመን በሰሜንና በመካከለኛው እንግሊዝ አዲስ ዓለም ተፈጥሮ ነበር። ማንቸስተር፣ በርሚንግሃም፣ ሊድስና ሼፊልድ በፋብሪካ ጢስ ተሸፈኑ። በ1831 ማንቸስተር ከ140 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት፤ የራሷ የፓርላማ ወኪል ግን አንድም አልነበራትም። ቶማስ ፔይን አስቀድሞ በ1791 ኦልድ ሳረምንና ማንቸስተርን ጎን ለጎን አቅርቦ ሥርዓቱን አጋልጦታል።

የምርት ኃይሎች ሲያድጉ አሮጌው የፖለቲካ ቅርፊት መሰንጠቁ አይቀርም። ነሐሴ 16 ቀን 1819 በማንቸስተር ቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ 60 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ውክልና ለመጠየቅ ሲሰበሰብ ፈረሰኛ ጦር በሰይፍ ተሠማራበት። ወደ 18 የሚሆኑ ሰዎች ሲሞቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። በጥቅምት 1831 የሎርዶች ምክር ቤት የምርጫ ማሻሻያውን ሕግ ሲጥለው በኖቲንግሃምና በብሪስቶል ሕዝብ ተነሣ። በግንቦት 1832 ደግሞ ሕዝቡ ወርቁን ከባንክ እንዲያወጣ ጥሪ ተደረገ። መሳፍንቱ እጃቸውን የሰጡት አብዮትን ፈርተው እንጂ ፍትሕን ወድደው አልነበረም። ሰኔ 7 ቀን 1832 ሕጉ ጸደቀ፤ ኦልድ ሳረምን ጨምሮ 56 ወረዳዎች ወንበራቸውን አጡ።

ነገር ግን ከትግሉ ፍሬ የበላው ማን ነው? በከተማ የመምረጥ መብት በዓመት 10 ፓውንድ ኪራይ የሚያወጣ ቤት ለያዘ ወንድ ተሰጠ። በእንግሊዝና በዌልስ ካሉት ጎልማሳ ወንዶች መራጭ የሆነው ከአምስት አንዱ ገደማ ብቻ ነበር። አደባባይ የወጣው፣ የቆሰለውና የሞተው ወዛደር ከደጅ ቀረ። ከበርቴው በወዛደሩ ትከሻ ወጥቶ መሰላሉን ከበስተኋላው ሳበው።

ሁለት ስሕተቶች

ወዛደሩ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1838 ቻርቲስቶች ስድስት ጥያቄዎችን የያዘ የሕዝብ ቻርተር አወጡ፤ ለጎልማሳ ወንድ ሁሉ ድምፅ፣ ምሥጢራዊ ምርጫ፣ የእጩዎች የንብረት መመዘኛ መሻር፣ ለምክር ቤት አባላት ደመወዝ፣ የወረዳዎች እኩልነትና በየዓመቱ ምርጫ። በ1842 ከ3 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ያረፈበት አቤቱታ አቀረቡ። ፓርላማው አሽቀንጥሮ ጣለው። ሆኖም የንብረት መመዘኛው በ1858 ተሻረ፤ ምሥጢራዊ ምርጫ በ1872፣ ደመወዝ በ1911 ተፈቀደ። በ1918 ለጎልማሳ ወንዶች ሁሉና ለአንድ ክፍል ሴቶች፣ በ1928 ደግሞ ለሴቶች ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት ታወጀ። ከስድስቱ ያልተፈጸመው በየዓመቱ ምርጫ የማድረግ ጥያቄ ብቻ ነው።

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ሁለት ስሕተቶችን ማረም እንፈልጋለን። የመጀመሪያው የድምፅ መስጫ ወረቀት ብቻውን ሕዝብን የሥልጣን ባለቤት ያደርጋል ብሎ ማመን ነው። መሬቱንና ሀብቱን ጥቂቶች ይዘው ሳለ ድምፅ እንዴት ዕቃ እንደሚሆን ኦልድ ሳረም አሳይታለች። ሁለተኛው ስሕተት ከግራ በኩል የሚመጣ ነው፤ ይኸውም ምርጫን የከበርቴ ማታለያ ነው ብሎ መናቅ ነው። የማንቸስተር ሸማኔ በሰይፍ ፊት የቆመው ለማታለያ አልነበረም። የናቁት መብት ሲወሰድ የሚሟገትለት አይገኝም።

በየሠፈሩ ማኅበርና በየፋብሪካው የሠራተኛ ማኅበር የሚሰበሰበው አንባቢያችንም ይህን መመዘኛ በእጁ ይያዝ። እጩውን ያቀረበው ማን ነው? ድምፅ የሚሰጠው ሰው በወረዳው የሚኖርና የሚሠራ ነውን? ተወካዩ የሚጠየቀው በመራጩ ነው ወይስ ባስቀመጠው ጌታ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ባጡበት ሥፍራ ሁሉ፣ የተሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ ቀለም ምንም ይሁን ምን፣ የተነገረው መፈክር የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ያ ወንበር የኦልድ ሳረም ወንበር ነው። እንዲህ ያለውን ወንበር ባለቤቶቹ በገዛ ፈቃዳቸው እንደማይለቁት የ1832 ታሪክ ያስተምረናል። የሚያስለቅቃቸው የነቃና የተደራጀ ሕዝብ ብቻ ነው።