ስለ አደጋ ጊዜ መብራትና ስለ መስመሩ አዘረጋግ



ባለፈው ዓመት በአንድ ምሽት፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ሳለ መብራት በድንገት ጠፋ። አዳራሹ ሁለት በር ነበረው፤ ነገር ግን ሁላችንም በገባንበት በር ለመውጣት ስንጋፋ ሁለተኛው ባዶውን ቀረ። እኔ የታናሽ እኅቴን እጅ ይዤ ግድግዳውን እየዳበስሁ ወጣሁ፤ አንዲት እናት ግን ደረጃው ሳይታያቸው ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። በማግስቱ ሲታይ ከሁለተኛው በር በላይ የአደጋ ጊዜ መብራት ተሰቅሎ ተገኘ፤ ባትሪው ግን ሞቶ ነበር። ከተሰቀለ ጀምሮ የሞከረው ሰው አልነበረም። ስለዚህ መብራት እንድማርና ለእናንተም ጥቂት እንድገልጽ ያነሣሣኝ ይህ ነው።

የአደጋ ጊዜ መብራት ማለት ዋናው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በባትሪ በርቶ የመውጫውን መንገድ የሚያሳይ ነው። ይህ ሲጎድል የሚደርሰውን ጥፋት ዓለም በብዙ ሕይወት ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1903 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ አንድ ታላቅ ቲያትር ቤት ሲቃጠል ከ600 የሚበልጥ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ የመውጫ በሮች ምልክት ያልነበራቸውና በመጋረጃ የተሸፈኑ ነበሩ። ዛሬ የአውሮፓ ደንብ በመውጫው መንገድ ላይ ከ1 ሉክስ ያላነሰ ብርሃን እንዲኖር ያዛል። መብራቶቹም በየወሩ ለአጭር ጊዜ፣ በየዓመቱ ደግሞ እስከ ሙሉ ሰዓታቸው ይሞከራሉ።

ታዲያ ሕንፃው ትልቅ፣ መብራቱም ብዙ ሲሆን ማን ዞሮ ይሞክራል? ባለ አድራሻ የሚባለው ዘዴ ለዚህ ይጠቅማል። እያንዳንዱ መብራት የራሱ ቁጥር አለው። መቆጣጠሪያው ሣጥን በመስመሩ ላይ አንድ በአንድ እየጠራ የባትሪውንና የአምፖሉን ጤንነት ይጠይቃል፤ የተበላሸውም በቁጥሩ ይታወቃል።

መስመሩ ሉፕ በሚሉት ዓይነት፣ ማለት ክብ ሆኖ ሲዘረጋ፣ ጥቅሙን ለመረዳት የጀጎልን ግንብ እናስብ። ሁለት መልእክተኞች ከሸዋ በር ተነሥተው አንዱ በቡዳ በርና በሰንጋ በር፣ ሌላው በፈላና በር በኩል ግንቡን ቢዞሩ ሁለቱም ኤረር በር ይደርሳሉ። መንገዱ በአንድ ስፍራ ቢዘጋ እንኳ መልእክቱ በሌላው ወገን ይደርሳል። ክብ መስመርም ከሣጥኑ ወጥቶ መብራቶቹን ሁሉ ነክቶ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፤ አንድ ቦታ ቢቆረጥ ከሁለቱም ጫፍ ይሠራል። በሁለት ቦታ ከተቆረጠ ግን በመካከል ያሉት መብራቶች ከሣጥኑ ዓይን ይጠፋሉ፤ በባትሪያቸው ሊበሩ ቢችሉም እንደዚያ አዳራሽ መብራት ጠያቂ ያጣሉ።

ስለዚህ መስመር ከመዘርጋት በፊት ማቀድ ይገባል፤ ያለዚያ ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሆናል።

አንደኛ፤ የመብራቶቹ ቦታና ቁጥር በሕንፃው ፕላን ላይ ይጻፍ። በጀጎል ከበር የወጣ ሰው የሚገባው ከጠባብ መንገድ ነውና ከመጨረሻው በር ውጭም መብራት አይረሳ።

ሁለተኛ፤ የመስመሩ መሄጃና መመለሻ በአንድ ቱቦ አይለፉ። አንድ እሳት ሁለቱን ባንድነት ከበላቸው የክቡ ጥቅም ቀረ።

ሦስተኛ፤ በየፎቁ መካከል አይሶሌተር ይግባ። ይህ መሣሪያ መስመሩ ሾርት ሲያደርግ የታመመውን ክፍል ብቻ ዘግቶ ሌላውን ያድናል።

አራተኛ፤ የቮልቴጅ መቀነስ ይሰላ። ለምሳሌ 400 ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ እያንዳንዳቸው 5 ሚሊ አምፔር የሚወስዱ 40 መብራቶች ቢኖሩ ድምሩ 0.2 አምፔር ነው። የሚሰላው ለክፉ ቀን ነው፤ ይኸውም መስመሩ ከሣጥኑ አጠገብ ተቆርጦ ጭነቱ ሁሉ በሩቁ ጫፍ እንዳለ ተቆጥሮ ነው። የመዳብ ሽቦው ውፍረት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ የደርሶ መልሱ ሬዚስታንስ 9.3 ኦም ያህል፣ የሚቀንሰውም ቮልቴጅ 1.9 ያህል ይሆናል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን ወደ 1.1 ቮልት ይወርዳል።

አምስተኛ፤ የዕቃው ሠሪ የጻፈው መመሪያ ይነበብ። ሁሉም ዓይነት መስመር ክብ አይሆንምና፤ ዳሊ የሚባለው ለምሳሌ በአንድ መስመር 64 አድራሻ ብቻ ይይዛል፣ ክብ ሆኖ እንዲዘጋም አይፈቀድም።

በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጀጎል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ኃላፊነት አለበት፤ ገመድ ለማሳለፍ ሲል የአባቶቻችንን የድንጋይ ግድግዳ እንዳይሰብር ነው።

ወላጆቻችን፣ መምህራኖቻችንና ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህን ሁሉ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልግ ይሆናል። ወደ አንድ አዳራሽ ስንገባ ሁለተኛው በር የት እንደ ሆነ ማየትና «ይህ መብራት መቼ ተሞከረ?» ብሎ መጠየቅ ግን አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ያን ምሽት ይህን የጠየቀ አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ የእኒያ እናት እጅ ባልተሰበረ ነበር።