ከጋቦዬ ፍላጻ እስከ ባለ መዘውሩ ቀስት፦ ሲገተሩ ምን ይለያቸዋል?

በሶማሌላንድ መዲና ሐርጌሳ፣ ዳሚ በተባለው ሰፈር በብዛት የሚኖሩት ጋቦዬዎች ስማቸው የቀደመ ሙያቸውን ይናገራል። ቃሉ በሶማልኛ የፍላጻ አፎት ማለት ነው። ከዚህ ማኅበረሰብ የሚወጡ አዳኞች በቀስትና መርዝ በተቀባ ፍላጻ ይታወቁ ነበር። እ.አ.አ በ1854 ከዘይላ ወደ ሐረር ጉዞ የጀመረው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እነዚህ ቀስተኞች ጽፏል።

ዛሬ በምዕራቡ ዓለም ብዙ አዳኞች የሚመርጡት ግን ኮምፓውንድ የሚባለውን ባለ መዘውር ቀስት ነው። አሜሪካዊው ሆሊስ ዊልበር አለን የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.አ.አ በ1969 ነው።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድን ነው?

የእንጨት ቀስት በተገተረ ቁጥር ይከብዳል። ከሁሉ የሚከብደው መጨረሻ ላይ በመሆኑ ቀስተኛው ብዙ ሳይቆይ መልቀቅ ይኖርበታል።

በኮምፓውንድ ቀስት ነገሩ ይገለበጣል። በሁለቱ ጫፎች ያሉት መዘውሮች ሲዞሩ ክብደቱ መጀመሪያ ይጨምራል፤ ከዚያ በድንገት ይወድቃል። ለምሳሌ 32 ኪሎ ግራም የሚከብድ ቀስት ከክብደቱ 80 በመቶውን ቢቀንስ፣ በቀስተኛው እጅ የሚቀረው ከ6 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም። በመሆኑም ተረጋግቶ ለማነጣጠር ጊዜ ያገኛል።

ኮምፓውንዶችስ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ?

አዎ። ለፍጥነት የተሠሩ መዘውሮች ክብደቱን ቶሎ አምጥተው እስከ መጨረሻው ያቆዩታል። ፍላጻው ይፈጥናል፤ ክንድ ግን ይደክማል። ለስላሳዎቹ ጥቂት ፍጥነት ቢያጡም ለመሳብ ይመቻሉ።

በመያዣውና በአውታሩ መካከል ያለው ርቀት ሲያጥር፣ አውታሩ ፍላጻውን ረዘም ላለ ጊዜ ይገፋል። ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ጥቂት የእጅ መንቀጥቀጥም ዒላማ ያስታል። አጭር ቀስት በቁጥቋጦ መካከል ለመንቀሳቀስ ሲመች፣ ረጅሙ ደግሞ በእጅ ላይ ይረጋል። ከበድ ያለው በመሸከም ቢያደክምም፣ ሲለቀቅ የሚሰማውን ንዝረት ይቀንሳል።

ጉልበት ወይስ መርዝ?

ኮምፓውንድ የሚያድነው በፍላጻው ኃይልና ስለት ነው። የሶማሌ አዳኞች ፍላጻ ግን ቆዳ ከበሳ ይበቃው ነበር፤ የቀረውን የሚሠራው በሶማልኛ ዋባዮ የተባለው መርዝ ነው። መርዙ የሚገኘው በአማርኛ መረንዝ ከሚባለው ዛፍ ወገን ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ እ.አ.አ በ1888 ለይቶ ያወጣው፣ የልብን ምት የሚያውከው ንጥረ ነገር ኡዋባይን የተባለውም ከዚሁ የሶማልኛ ቃል ነው።

ይህ ማለት ግን መርዝ ሁልጊዜ ጉልበትን ይተካል ማለት አይደለም። በኬንያ ዝሆን ያድኑ የነበሩት ዋታዎች ከዚያው የዛፍ ወገን የተገኘ መርዝ ቢጠቀሙም፣ ወፍራሙን ቆዳ ለመብሳት ለመገተር ከ45 ኪሎ ግራም በላይ ጉልበት የሚጠይቁ ቀስቶች ነበሯቸው። ለሶማሌው አዳኝ ግን ዋናው ጥበብ ዱካ መከተልና አውሬው ሳያውቅ መቅረብ ነበር።

ባለ መዘውሩ ቀስት እ.አ.አ በ2028 ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በሎስ አንጀለስ ይታያል። በሐርጌሳ ግን የፍላጻ አፎትን ስም የተሸከሙት ወገኖች፣ አደኑ ከቀረ በኋላም በጋብቻና በሥራ መገለል ይገጥማቸዋል። ሙያው ሲረሳ ንቀቱ አብሮት አልተረሳም።