ካላማዳሪ ከአንገቱ ሲቀደድ

ሀና ማርያም አካባቢ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጎማው ሲተነፍስበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሚስማር ነው። ግንባታ በማያልቅበት ሰፈር ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ጎሚስታው ካላማዳሪውን ነፍቶ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ግን አረፋው አንዳንዴ የሚወጣው መሬት ከሚነካው ወገን ሳይሆን ከቫልቩ ሥር ነው። ይህን ሚስማር አላመጣውም፤ በማስቲሽና በልጣፊም አይድንም።

ካላማዳሪው ለስላሳና የሚለጠጥ ጎማ ነው፤ ቫልቩ ደግሞ ደረቅ ነው። ሁለቱ የተጣበቁበት ቦታ ጫናው ሁሉ የሚያርፍበት ነው። አየር ሲያንስ ጎማው ፍሬን በተያዘ ቁጥር ቸርኬው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይሸሻል፤ ካላማዳሪውንም ይዞት ይሄዳል። ቫልቩ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ስለተያዘ አብሮ መሄድ አይችልም። መጎተቱ ሲደጋገም ሥሩ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይፈጠራል። ምልክቱ ከውጪ ይታያል፦ ቀጥ ብሎ ወደ ጎማው መሀል ማመልከት የነበረበት ቫልቭ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ይህን ምልክት አይተው ዝም ብለው የሚነዱ ብዙ ናቸው፤ እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ሌላው ምክንያት የልክ አለመግጠም ነው። በመኪናም በሞተርም የምናውቀው ወፍራሙ ቫልቭ ሽራደር ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ በ1893 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የተሰጠው ነው። የእሽቅድድም ብስክሌቶች ቀጭኑን ፕሬስታ ይጠቀማሉ። ለሽራደር የተበሳ የቸርኬ ቀዳዳ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የፕሬስታው ከዚያ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል። ቀጭኑ በሰፊው ቀዳዳ ከገባ ካላማዳሪው በክፍተቱ በኩል ይወጠርና የብረቱ ጠርዝ ይቆርጠዋል። በእጅ ፓምፕ ሲነፉ ቫልቩን ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝም ያንኑ ሥር ያደክማል።

ልጣፊ እዚህ የማይሠራው ዙሪያውን ጠፍጣፋ ቦታ ስለማያገኝ ነው። ቫልቩ መሀል ላይ ቆሞበታል፤ አየር በተሞላ ቁጥርም ስንጥቁ መልሶ ይከፈታል። ስለዚህ አዲስ ካላማዳሪ መግዛት ግድ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ቫልቩ አፍ ላይ ጠብታ ውሃ ያድርጉ። አረፋው ከአፉ ከወጣ የላላው ውስጡ ያለው መርፌ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ይጠብቃል፣ ካልሆነም ብቻውን ይቀየራል።

አዲሱን ሲያስገቡ የቸርኬውን ቀዳዳ በጣትዎ ይዳብሱ፤ ስለት ካለው በአሸዋ ወረቀት ያለስልሱት። ጥቂት ነፍተው ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ይመልሱት፤ ያኔ ካላማዳሪው ከጎማው ጠርዝ ሥር አይቆነጠጥም። የአየሩ መጠን በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። በከተማችን የብስክሌት መንገድ እየተሠራ፣ አዳዲስ ነጂዎችም እየመጡ ነው። እባክዎ ከመውጣትዎ በፊት ጎማውን ይጫኑት፣ ቫልቩንም ይዩት፤ አዘንብሎ ካገኙት አየሩን አውጥተው ያቃኑት።