ያውቁ ኖሯል?
ሰውነት የራሱን ፕላትሌት፣ ማለትም ደም የሚያረጋውን ህዋስ፣ እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠፋበት ሕመም አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ሃሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1950 የታማሚ ደም በራሱ ደም ሥር አስገብቶ ሞከረው፤ በሰዓታት ውስጥ ፕላትሌቱ አሽቆለቆለ። (ድፍረቱን አድንቁ፤ አትድገሙት!)

ፕላትሌቱን የሚያስጠፋውን ፀረ እንግዳ አካል በላቦራቶሪ መፈለግ ግን እምብዛም አያስተማምንም፤ ሕመሙ እያለባቸውም ውጤታቸው «የለም» የሚል ታማሚዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሞች ሌላውን ምክንያት ሁሉ አጣርተው ነው የሚደርሱበት። ለምሳሌ ከሐሙሲት እስከ ፎገራ ሜዳ ባሉ ወባማ አካባቢዎች ወባ ራሷ ፕላትሌት ታወርዳለች። እናም ቆጠራው በማይክሮሊትር ከ100,000 በታች ከሆነ የደም ፊልም፣ የወባ፣ የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ይቀድማል። ድድዎ ያለምክንያት ከደማ ወይም ቆዳዎ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ካዩ ሳይዘገዩ ይመርመሩ።